«የኔ ባል ከንቱ አልነበረም»

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ መጽሐፍ ነው፣ ስለ መጽሐፈ መክብብ። መጀመሪያ ተማክረው የጻፉ መስሎኝ ነበር። ግን አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዷ ከሐይቅ፣ አንዱ ከወልድያ ነው፤ የሚተዋወቁም አይመስለኝም። ክረምት ሲገባ ሰው መክብብን ያነባል መሰል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ።

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ዲያቆን ነኝ፣ 23 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። አጎቴ በዚህ ሐምሌ አርፎ አርባው ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ ይወጣል። ቤተሰቡ «ስብከቱን አንተ ስጥ፣ ከመክብብ ይሁን» ብሎኛል። አጎቴ 30 ዓመት እህል ነግዷል። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ መጋዘኑ ተዘረፈ። ከሸሸበት ሲመለስ ያገኘው የብረት ሚዛኑን ብቻ ነው፣ ከብዷቸው ትተውት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ «ሁሉ ከንቱ ነው ብሏል ሰሎሞን» እያለ ይስቅ ነበር። ሱቁን ግን መልሶ ከፈተ፤ አንድ ጎረቤቱ የሆኑ ሐጂ ጤፍ በዱቤ ሰጥተውት። አሁን መጽሐፉን አነበብኩት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ጨለመብኝ። ይሄን እንዴት አድርጌ ነው ለሐዘንተኛ የምሰብከው? ደግሞ የአያቴ ወገኖች ሙስሊሞች ናቸው፣ ድንኳኑ ውስጥ አብረውን ነው የሚቀመጡት። ከየት ልጀምር? ስንት ደቂቃስ ልናገር?

መልስ፦

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በኛ አገር አነጋገር ደግሞ፣ አብሽር።

ወደ ጥያቄህ ሳልገባ አንድ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ባንተ ዕድሜ ሳለሁ ደሴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሞቶ ሰልስቱ ላይ ስበክ ተባልኩ። ደስ አለኝ፤ ለቅሶ መሆኑን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል። መክብብን መረጥኩ። ሌሊቱን ሙሉ ጥቅስ ስለቅም አደርኩና በነጋታው ድንኳኑ መሀል ቆሜ 40 ደቂቃ ሙሉ ከንቱ ከንቱ አልኩ። ልፋት ከንቱ፣ ገንዘብ ከንቱ፣ ቤት ከንቱ። ሰዉ ጸጥ ሲል የተነካ መሰለኝ። ስጨርስ ልሰናበት ወደ ሟች ሚስት ጠጋ አልኩ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እጄን ያዝ አደረገችና ቀስ ብላ «የኔ ልጅ፣ የኔ ባል ከንቱ አልነበረም» አለችኝ። በቃ። አልተቆጣችም፣ ሌላም አልጨመረችም። እኔ ግን እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ በእግሬ ወረድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ከሰው ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ አፈርኩ።

እሷ ልክ ነበረች። መጽሐፉም ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ቃሉን ሳላውቀው ነው የሰበክሁት።

የዕብራይስጡ ቃል «ሄቬል» ይባላል። መጽሐፉ ውስጥ 38 ጊዜ ይመጣል፣ አምስቱ ገና በ1፥2 ላይ ተደራርበው ነው ያሉት። ሲፈታ እስትንፋስ ነው፣ እንፋሎት ነው። በብርድ ቀን ከአፍህ የሚወጣው፣ ቡና ሲፈላ ከጀበናው አፍ የሚወጣው። የግሪክ ተርጓሚዎች ወደ ባዶነት፣ ወደ ፋይዳ ቢስነት አዘነበሉት። የኛ የግዕዝ ብሉይ ኪዳን ደግሞ ከግሪኩ ነው የተተረጎመው፤ ቃሉ በዚያ መንገድ ዞሮ «ከንቱ» ሆኖ እጃችን ገባ። ከንቱ ስህተት ነው እያልኩህ አይደለም። ነቢያት ጣዖትን ሲነቅፉ በዚሁ በሄቬል ነው የሚጠሩት፣ እዚያ ላይ ከንቱ ልኩ ነው። ግን ያዘነ ሰው ፊት ቆመህ ከንቱ ስትል የአማርኛ ጆሮ «የማይረባ» ብሎ ነው የሚሰማው። መክብብ የሚለው የማይረባ አይደለም። የማይጨበጥ ነው የሚለው።

ይሄን ለማስረዳት እኛ ወሎዎች ሩቅ መሄድ የለብንም። ሐምሌ ላይ በጠዋት ደሴ ና። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና መንገዱን ይውጠዋል። ባጃጆቹ በጠራራ ቀን መብራት አብርተው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ ከፊትህ የሚመጣው ሰው ሳሉ ይሰማል እንጂ ፊቱ አይታይም። ጋቢህ ላይ ጤዛ የመሰለ ውሃ ይቀመጣል። እጅህን ብትዘረጋ ይረጥባል፣ ብትጨብጠው የለም። አራት ሰዓት ሲሆን ደግሞ በየት በኩል እንደሄደ ሳታየው ይገፈፋል። ጉሙ አልነበረም ትላለህ? ነበር እንጂ፣ ጋቢህ ረጥቧል። ያዝኩት ትላለህ? አልያዝከውም። ሄቬል ማለት ይሄ ነው። የአጎትህ መጋዘን ሄቬል ነበር። 30 ዓመት ሙሉ እውነተኛ እህል ገብቶበታል፣ እውነተኛ ላብ ፈሶበታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ሲመጣ ሚዛን ብቻ ቀረ። እንዲያውም አጎትህ መጽሐፉን ከኔ በተሻለ የተረዳው ይመስለኛል። ሁሉ ከንቱ ነው እያለ እየሳቀ ሱቁን መልሶ የከፈተ ሰው ነዋ! ከንቱ ማለት የማይረባ ቢሆንለት ኖሮ ምን ብሎ ይከፍታል?

አሁን የምነግርህን ደብተርህ ላይ አስምርበት። ይሄው ሄቬል የሚለው ቃል የሰው ስም ነው። አቤል! የቃየን ወንድም፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያው ሟች፣ በዕብራይስጡ ስሙ ያው ሄቬል ነው፣ ፊደሉም አንድ ነው። ዕድሜው አጭር ነው። ልጅ ወለደ አልተባለም፣ ከተማ ሠራ አልተባለም፣ አንድ ቃል እንኳ ሲናገር አንሰማውም። ዘፍጥረት 4 ላይ ትንፋሽ ያህል ታይቶ ይጠፋል። ግን እግዚአብሔር ወደ እሱና ወደ መሥዋዕቱ ተመለከተ ይላል። እንግዲህ አቤል የማይረባ ነበር? ያን ቀን ይሄን ባውቅ ኖሮ ለዚያች ሴት የምመልስላት ነገር ነበረኝ።

ሙስሊሞቹ ዘመዶችህ ደግሞ ሃቢል ብለው ነው የሚያውቁት፣ ሃቢልና ቃቢል። ድንኳኑ ውስጥ ሁለቱንም ስም ጥራ፣ አቤልም ሃቢልም በል። ሽማግሌዎቹ ቀና ሲሉ ታያለህ።

«ነፋስን እንደ መከተል» የሚለውም የራሱ ጣዕም አለው። የዕብራይስጡን ቃል ከእረኝነት ጋር የሚያዛምዱት አሉ፣ ነፋስን ማገድ እንደ ማለት። ማገድን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰደው። እንደ ከብት ነድተህ ልታግደው ብትል አይሆንም፣ በር ላይ ቆመህ ልታግደው ብትልም አይሆንም። እረኛ ሆኖ ያደገ ሰው ድንኳኑ ውስጥ አይጠፋም፣ ይሄን ይወደዋል።

አሁን ወደ ዝግጅቱ እንግባ። መጽሐፉን ባንድ ቁጭታ ጮክ ብለህ አንብበው። 12 ምዕራፍ ናት፣ አንድ ሰዓት አትፈጅም። ጨለመብኝ ያልከኝ በዓይንህ ብቻ ስላነበብከው ይሆናል። በጆሮ ሲሰማ ሌላ ነው። ሙዱ ትዝታ ነው በለው። መቼም የባቲና የአምባሰል ቅኝት አገር ልጅ ይሄ አይጠፋህም። ትዝታ እየሰማ ያለቀሰ ሰው ስንት አይቻለሁ፣ ትዝታ ሰምቶ ኑሮውን የጠላ ግን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ ስታነብ እስክሪብቶ ያዝ። ከንቱ ባለ ቁጥር አስምር። «ከፀሐይ በታች» ባለ ቁጥር አስምር፣ እሷ 29 ጊዜ አለች። ከዚያ ቀለም ቀይርና ብላ፣ ጠጣ፣ በድካምህ ደስ ይበልህ የሚልበትን ፈልግ። 2፥24 ላይ አለ፣ 3፥12-13 ላይ አለ፣ 8፥15 ላይ አለ፣ 9፥7 ላይ አለ፣ ሌላም ቦታ አለ። እየቆየ ይመለስበታል። ሁለቱን ቀለም አንድ ገጽ ላይ ስታያቸው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባሃል። ብዙ ሰባኪ ግን ከንቱውን ይቆጥርና እንጀራውን ዘሎት ያልፋል። እኔም ያን ቀን ዘልዬዋለሁ።

ከዚያ አንድ ቦታ ምረጥ። አንድ ብቻ! ከዚህም ከዚያም 15 ጥቅስ ለቅመህ ብትሄድ ሰዉ ከድንኳኑ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ነገር የለም። ሁሉም የሚመርጠው ምዕራፍ 3ን ነው፣ «ለሁሉ ዘመን አለው»። 14 ጥንድ፣ 28 ጊዜ። ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ግን ሰው በቃሉ ስለሚያውቀው ሳይሰማው ያልፋል። በዚያ ላይ እኛ ዘንድ «ለሁሉም ጊዜ አለው» ማለት «ቆይ ብቻ» ማለት ሆኗል፣ ለዛቻም እንጠቀምበታለን። መጽሐፉ እዚያ ላይ የሚያወራው ስለ ትዕግሥትም ስለ ዛቻም አይደለም። የምትወለድበትንም የምትሞትበትንም ቀን አንተ አትቆርጠውም ነው የሚለው። ይሄን ለማስረዳት ሩቡን ጊዜህን ትጨርሳለህ።

አንተ ምዕራፍ 4ን ውሰድ።

ምዕራፍ 4 በእንባ ይጀምራል። የተገፉ ሰዎችን እንባ አየሁ ይልና «የሚያጽናናቸውም አልነበረም» ይላል። አንዴ ብሎት አልበቃውም፣ እዚያው ቁጥር ላይ ይደግመዋል። ዝቅ ብሎ ቁጥር 8 ላይ አንድ ብቸኛ ሰው አለ። ልጅ የለው፣ ወንድም የለው፣ ድካሙ ግን ማለቂያ የለውም፣ ዓይኑም ከሀብት አይጠግብም። ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ይሄም ከንቱ ነው ይላል። ይሄንን ባለ ማግስት ነው ቁጥር 9 ላይ ከአንድ ሁለት ይሻላል የሚለው የሚመጣው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ያነሣዋል። ሁለቱ አብረው ቢተኙ ይሞቃቸዋል። አንዱን የሚያሸንፍ ቢመጣ ሁለቱ ይቆሙበታል። መጨረሻ ላይ «በሦስትም የተገመደ ገመድ ፈጥኖ አይበጠስም»። ይሄን ሠርግ ላይ ሰምተህ ሰምተህ ሰልችቶህ ይሆናል። እዚህ ግን የሠርግ ነገር የለም፣ የመንገደኛ ወሬ ነው የሚመስለው፤ ገደል፣ ብርድ፣ ሽፍታ። የወሎ ሰው ይሄን ማብራሪያ አይፈልግም። ሁለት ሆኖ መተኛት ይሞቃል ስትል ከኋላ የሚስቅ አይጠፋም፣ ይሳቅ፣ አርባ ላይ ትንሽ ሳቅ ነውር የለውም።

አጎትህን እዚህ ውስጥ አስገባው። ወድቆ ነበር። ማን አነሣው? ሐጂውን በስም እንዳትጠራቸው፣ እዚያው ተቀምጠው ያፍሩብሃል። «ጤፍ በዱቤ ያገኘ ሰው ነበር» ካልክ ይበቃል፣ ሁሉም ያውቃል። ድንኳኑም የቅሬው፣ የእድሩ ማለት ነው፣ ወንበሩም የቅሬው ነው፣ ሙስሊም ክርስቲያኑ ያዋጣበት። «የሚያጽናናቸውም አልነበረም» የሚለውን አንብብና ዝም በል። ቀና ብለህ የተቀመጠውን ሰው እይ። ከዚያ «እዚህ ግን አለ» በል። ምንም አትጨምርበት።

አንድ ነገር አትርሳ። ያ ድንኳን ውስጥ የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ በዓይናቸው ያዩ አሉ። ኑሮ እንደማይጨበጥ አንተ አታስተምራቸውም፣ ያውቁታል። ስለዚህ የምታስተምር ሳይሆን የሚያውቁትን የምታስታውስ ሆነህ ተናገር። ድምፅህም በዚያው ልክ ዝቅ ይበል።

ሚዛን ተረፈለት ያልከኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ምዕራፍ 12፥9 ላይ ሰባኪው ራሱ ለማስተማር እንዴት ይዘጋጅ እንደነበር ተጽፏል። በዕብራይስጡ ሦስት ግሦች ተከታትለው ይመጣሉ፣ መዘነ፣ መረመረ፣ አስተካከለ እንደ ማለት ናቸው። የመጀመሪያውን ሚዛን ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዱታል፣ ጆሮ ከሚለው ጋር የሚያገናኙትም አሉ። እኔ አሁን የማደርገውን ልንገርህ። ስብከቱን በሙሉ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ሐዘንተኛዋ ከፊቴ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች አስብና አረፍተ ነገር በአረፍተ ነገር አነብላታለሁ። ዓይኗን እያየሁ ልላት የማልችለውን እሰርዛለሁ። አንዳንዴ ግማሹ ይሄዳል። የዛሬውን ሳይሆን የዚያን ሰልስት ደብተሬን እንዲህ ብመዝነው ኖሮ ከ40ው ደቂቃ አምስቱም አይተርፍ ነበር። አንተም የአጎትህን ሚስት አስብና መዝነው።

መምህርህ ጋም ሂድ። የመጻሕፍተ ሰሎሞን አንድምታ ታትሟል፣ መምህርህ ዘንድ አይጠፋም። አንድምታ እንደምታውቀው ባንድ ትርጉም አይቆምም፣ ለእንዲህ ያለ መጽሐፍ ይሄ ጥሩ ነው። የኔን ጉም ግን «አንድም» ብለህ እንዳትጨምርበት፣ የኔ ምሳሌ እንጂ የአበው ቃል አይደለም። የቤቱን የንስሐ አባትም አስቀድመህ አማክራቸው፤ እሳቸው ተቀምጠው አንተ ድንገት ብድግ ብትል ደስ አይልም።

ሙስሊም ዘመዶቼ አሉ ብለህ ቁርኣን ልጥቀስ እንዳትል። ሳታውቀው ትሳሳታለህ፣ ያውቁብሃል፣ ያንተን ማዕረግም የነሱንም ክብር ይነካል። አንተ የምታውቀውን በደንብ ተናገር፣ እሱ ይበቃቸዋል። ሱለይማንን ነቢይ ብለው ያከብሩታል፣ ስለዚህ ሰሎሞን ስትል እንግዳ አይሆኑም። የሚያስቀይም ነገር ካለ እሱ ሥጋው ላይ ነው ያለው፤ ለየብቻ መታረዱን ቤተሰቡ እንዳይረሳ አንተም አንድ ቃል ጣል አድርግ።

ምዕራፍ 12፥13ን በተመለከተ፣ «እግዚአብሔርን ፍራ፥ ትእዛዙንም ጠብቅ» የሚለውን፣ ልትጨርስበት ትችላለህ። ግን እንደተነሳህ ወደ እሱ አትሩጥ። መጽሐፉ እዚያ ለመድረስ 12 ምዕራፍ ፈጅቶበታል። አንተ በሁለተኛው ደቂቃ ብትደርስበት ሐዘኑን የዘለልክባቸው ይመስላቸዋል።

ደቂቃ? 15። ምዕራፍ 5 መጀመሪያ ላይ «ቃልህ ጥቂት ትሁን» ይላል፣ ለሰባኪ ከዚህ የበለጠ መመሪያ አላውቅም። ወጡም እየቀዘቀዘ ነው። ማይክ ካለ ደግሞ ከመጀመርህ በፊት ሞክረው፤ አንድ ጊዜ ሲያፏጭ ያየሁት ማይክ የሰባኪውን መግቢያ በሙሉ በልቶበታል።

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሐይቅ ነው የምጽፈው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። መክብብን ማን ጻፈው? ሰሎሞን ነው ብለን ነው ያደግነው። አንድ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወንድማችን «ሰሎሞን አይደለም» ብሎ ጉባኤውን አበጣበጠው። ደግሞ መክብብ ራሱ ምን ማለት ነው?

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በዕብራይስጥ ስሙ ቆሄሌት ነው፣ ቃሃል ከሚለው የመጣ፣ ጉባኤ ማለት ነው። ጉባኤ የሚሰበስብ ሰው እንደ ማለት። ግሪኩም ኤክሌስያስቴስ ሲለው ያንኑ ነው ያለው። የኛ መክብብም ከከበበ ነው፤ ሰው በዙሪያው የሚከብበው፣ የሚሰበስብ። ቆሄሌት የስም ያህል ሆኖ ቀረ እንጂ ሥራው ነው።

ስለ ጸሐፊው፣ መጽሐፉ «በኢየሩሳሌም የነገሠ የዳዊት ልጅ» ይላል፣ ሰሎሞን የሚል ስም ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለበትም። መጽሐፈ ምሳሌ ላይ አለ፣ መኃልየ መኃልይ ላይ አለ፣ እዚህ የለም። ያም ሆኖ የአይሁድም የኛም ትውፊት ለሰሎሞን ነው የሚሰጠው፣ ከመጻሕፍተ ሰሎሞን ጋርም ነው የምንቆጥረው። ያ ወንድም ደግሞ ከራሱ አልፈጠረውም። የቋንቋ ሊቃውንት ዕብራይስጡ የኋለኛ ዘመን ነው ይላሉ። 2፥5 ላይ የአትክልት ቦታ ለማለት የገባው ቃል ፓርዴስ ነው፣ 8፥11 ላይ ፍርድ ለማለት የገባው ፒትጋም ነው፣ ሁለቱም ከፋርስ የመጡ ናቸው፤ ፋርስ ያን አገር የገዛችው ደግሞ ከሰሎሞን ብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ያም ሆኖ ዘመኑን በጣም ወደኛ ማቅረብ አይቻልም፣ ምክንያቱም ከሙት ባሕር አጠገብ ከቁምራን ዋሻ የተገኘ ቁራጭ አለ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው ይሉታል።

ለነገሩ በመክብብ የተጨቃጨቀ ጉባኤ የናንተ የመጀመሪያው አይደለም። የጥንቶቹ የአይሁድ መምህራን የሂሌልና የሻማይ ደቀ መዛሙርት ይሄ መጽሐፍ ከቅዱሳን መጻሕፍት ይቆጠር አይቆጠር ብለው ተከራክረውበታል፣ ሚሽና በሚባለው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት ገዳም ጥግ፣ ስለ መጽሐፍ መከራከር ነውር አይደለም። መጮህ ነው ነውሩ። ያን ወንድም ማስረጃህን ቁጥር በቁጥር አሳየን በሉት፣ የደብሩን መምህርም ጥሯቸውና ሁለቱን በተራ ስሟቸው። ለሐዘንተኛ ድንኳን ግን ይሄ ርዕስ አይሆንም፣ ያ የኮምቦልቻው ዲያቆንም ይስማኝ።

ጥያቄ፦

ከወልድያ ነኝ። አጭር ጥያቄ ናት። አንድ ጓደኛዬ አለ፣ በየቀኑ ማታ ጠጅ ቤት ይጎትተኛል። እምቢ ስለው «ነገ እንሞታለንና እንብላ እንጠጣ ይላል መክብብ» ይለኛል። እውነት ይላል? ደግሞ ሁሌ የምከፍለው እኔ ነኝ።

መልስ፦

አይልም። ጓደኛህ ሁለት መጽሐፍ አቀላቅሎብሃል። «ነገ እንሞታለንና እንብላ እንጠጣ» ያለው ኢሳይያስ ነው፣ 22፥13 ላይ። እሱም መክሮ አይደለም፣ ከተማቸው እየተከበበች በሬ እያረዱ የሚጨፍሩትን ሰዎች ሲወቅስ ቃላቸውን ነው የጠቀሰው። ጳውሎስም በቆሮንቶስ መልእክቱ ያንኑ ጠቅሶታል፣ እሱም ትንሣኤ ሙታን ከሌለ እንግዲያው እንዲህ እንበል ብሎ ነው።

የመክብብ ሌላ ነው። 9፥7 ላይ እንጀራህን በደስታ ብላ፣ ወይንህን ጠጣ ይላል፣ ምክንያቱም እግዚአብሔር ሥራህን ተቀብሎታል ይላል። ነገ ስለምትሞት አይደለም። ቀጥሎ ደግሞ ልብስህ ሁልጊዜ ነጭ ይሁን፣ ከራስህም ላይ ቅባት አይታጣ፣ ከምትወዳት ሚስትህ ጋር ኑር ይላል። ጓደኛህ እዚህ ድረስ አንብቦታል? ከጠጅ ቤት ስትወጡ የልብሳችሁን ንጣት እዩት። አሥረኛው ቁጥር ላይም እጅህ የምታገኘውን ሥራ በኃይልህ ሥራ ይላል፣ እሱን ከጠዋቱ ጀምራችሁ ሞክሩት።

ስለ ክፍያው ግን መጽሐፉ ግልጽ ነው። እንጀራህን፣ ወይንህን ነው የሚለው፣ የጓደኛህን አይልም። ዛሬ ማታ 9፥7ን አንብብለትና ሂሳቡን ወደሱ ግፋው።